ቴአትር መማር የሚፈልግ የሐዋሳ ልጅ የት ይፈተን?

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት ከአንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪዬ ጋር ባዶ ክፍል ውስጥ ነበርን። እኔ እዚህ ሐዋሳ አማርኛ አስተምራለሁ። የትምህርት ቤቱን ሚኒ ሚዲያና የድራማ ክበብም እይዛለሁ። ልጅቷ ቴአትር መማር ትፈልጋለች። ለኦዲሽን የሚሆን መነባንብ አዘጋጅታ ነው የመጣችው። ልጇ ከቤት ወጥቶ የቀረባት እናት ሆና ትናገራለች። ጽሑፉም የራሷ ነው።

ጀመረች። ጮኸች። ደረቷን መታች። እንባዋ ወረደ። ሦስት ደቂቃ ሙሉ ድምፅዋ ዝቅ ሳይል ዘለቀች። ስትጨርስ ፊቷን በሻርፗ ጠረገችና «እንዴት ነው ቲቸር?» አለችኝ።

«ለቅሶሽን አየሁት። ልጅሽን ግን አላየሁትም» አልኳት። ከፋት። ግን አልሄደችም።

«እናትሽ አንድ ነገር ሲያስጨንቃት እጇ ምን ይሠራል?» ብዬ ጠየቅኳት። ትንሽ አሰበች። «ቡና ትለቅማለች» አለች።

«በቃ፣ ቡና እየለቀምሽ በይው። እንዳታለቅሺ።»

ደብተሯን እንደ ሰፌድ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ድምፅዋ ወረደ። ጣቷ የሌለውን ቡና እያገላበጠ፣ የተበላሸውን አንድ አንድ እያነሳ ይጥላል። «እራትህንም ከድኜ አስቀምጬልህ ነበር» የምትለው ቦታ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ሌላ ምንም አላደረገችም። በር ላይ ቆመው ሲስቁ የነበሩ ሁለት ልጆች ዝም አሉ።

ይህች ልጅ በዚያ ደቂቃ ያደረገችውን የትኛውም የትወና ፈታኝ ቢያይ ይወደዋል። ሁለተኛውን አቀራረብ መቻሏ ብቻ አይደለም ቁም ነገሩ። ሲነገራት ሰማች፤ የሰማችውን ወዲያው በሰውነቷ ሞከረችው። ትወና ትምህርት ቤት የሚፈልገው እንደዚህ ያለ ሰው ነው። ችግሩ እሷን ቁጭ ብሎ የሚያያት ፈታኝ የት እንዳለ ነው።

ቁጥሩ ይቀድማል

አንድ ልጅ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ቴአትር ለመማር መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲ መግባት አለበት። ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው ደግሞ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነው። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ምን እንደሆነ ሁላችንም አይተናል። በ2014 ዓ.ም. ከተፈታኞቹ መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2። በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ። ቀስ እያለ እየጨመረ ነው፤ ያም ሆኖ ከ100 ተማሪ ከ90 በላይ የሚሆነው መስመሩን አያልፍም። ከማያልፉት ውስጥ የተወሰኑት በሪሚዲያል (በማካካሻ ትምህርት) ሌላ ዕድል ያገኛሉ።

የማኅበራዊ ሳይንስ ተፈታኝ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ታሪክ፣ ጂኦግራፊ፣ ኢኮኖሚክስና አፕቲትዩድ ይፈተናል። እነዚህ ለተዋናይ አያስፈልጉም አልልም። እንደውም በጣም ያስፈልጋሉ። ታሪክ የማያውቅ ሰው የንጉሥ ገጸ ባሕርይ ቢሰጠው ልብሱን ብቻ ነው የሚለብሰው። እንግሊዝኛ የማያነብ ተማሪ የትወና መጻሕፍት አብዛኞቹ ይዘጉበታል። ነገር ግን ከእነዚያ ሁሉ ጥያቄዎች አንዱም «ሰው ሲያወራህ ማዳመጥ ትችላለህ?» ብሎ አይጠይቅም። ትወና ደግሞ ከማዳመጥ ነው የሚጀምረው።

ፈተናውን ያለፈው ልጅም መንገዱ አላለቀም። የአንደኛ ዓመት የጋራ ኮርሶች አሉ። ከዚያ በኋላ ነው በምርጫና በውጤት ወደ ትምህርት ክፍል የሚገባው። እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚገለበጠው። ጥሩ ውጤት ያለው ልጅ ሕግ፣ አካውንቲንግ፣ ኢኮኖሚክስ ይሞላል። ቴአትር ትምህርት ክፍል ባለበት ግቢ ደግሞ ሌላው ሁሉ ከሞላ በኋላ የተረፈው ልጅ ወደዚያ ይላካል። አንድ የቀድሞ ተማሪዬ እንዲህ ሆኖ ገብቷል። ዩኒቨርሲቲውን አልጠራውም። ስልክ ደውሎ «ቲቸር፣ ድራማ ክበብ ገብቼ አላውቅም እኮ፤ ምን ላድርግ?» ሲለኝ የምለው ጠፋኝ። በዚያው ዓመት በክበባችን ምርጥ የነበረው ልጅ በጥቂት ነጥብ ወድቆ የእንጨት ሥራ ጀምሯል።

ሁለቱም ልጆች ተበድለዋል። የገባው ያልፈለገውን ሦስት ዓመት ይማራል። ያልገባው የሚፈልገውን አንድ ቀንም አይማርም። ትምህርት ክፍሉም ተጎድቷል፤ የትወና ክፍል ውስጥ አንድ የማይፈልግ ሰው ካለ አብሮት የሚሠራው ልጅም አብሮ ይቀዘቅዛል። ሒሳብ ለብቻ ይማሩታል። ትወና ግን በጥንድ ነው።

አሠራሩ እንደየዩኒቨርሲቲው እንደሚለያይ አውቃለሁ። ግን ጎረቤቱን እንይ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያሉት የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትና የአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት አመልካቹን በተግባር ይፈትናሉ። ማንም «ለምን?» አይልም። በጂኦግራፊ ጥሩ ስላመጣህ ቫዮሊን ያዝ የሚባል ሰው የለም። ትወና ላይ ሲደርስ ግን ነገሩ እንደ ቀላል ይታያል። ሁሉም ሰው ስለሚያወራ ትወና ሁሉም ሰው የሚችለው ይመስላል። «ማውራት ማን ያቅተዋል?» ይሉሃል። እንዲህ የሚሉ ሰዎችን አምጥቼ ክፍሉ መሀል አቁሜ «ዝም ብለህ ሰው ጠብቅ» ብላቸው ደስ ይለኛል። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ እጃቸውን የሚያደርጉበት ይጠፋቸዋል።

ቴአትሩ ወደ ልጁ የሄደበት ጊዜ

ጥላሁን ገሠሠን እናስታውስ። ልጅ ሆኖ ወሊሶ ነበር የሚማረው። የሀገር ፍቅር ቴአትር ቡድን ለዝግጅት ወሊሶ ሄደ። ልጁ አያቸው። ከዚያ በኋላ ልቡ ትምህርት ቤት አልተቀመጠም። ወደ አዲስ አበባ ሄደና ሀገር ፍቅር ገባ። የቀረውን አገር ያውቀዋል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ሰው የሚያየው የልጁን ተሰጥኦ ነው። እኔ የማየው መኪናውን ነው። አርቲስቶቹን ጭኖ ወሊሶ ድረስ የሄደውን መኪና። ያ መኪና ባይሄድ ጥላሁን ይዘፍን ነበር፤ ማን ይሰማው እንደነበር ግን እንጃ።

በደርግ ጊዜ የቀበሌ ኪነት ነበር። ዓላማው ፖለቲካ ነበር፤ ያም ሆኖ ብዙ የሰፈር ልጅ መድረክ ላይ መቆምን እዚያ ተማረ። በኋላም በ1990ዎቹ የፀረ ኤድስ ክበባት መጡ። ትምህርት ቤት ግቢና መንገድ ዳር የሚታይ አጭር ድራማ ሁሉም ከተማ ላይ ነበር። እኔም የመጀመሪያ ድራማዬን ያየሁት እንደዚያ ቆሜ ነው። ዛሬ ሐዋሳ ውስጥ አንድ ልጅ 12ኛ ክፍልን ጨርሶ ሙሉ ቴአትር በመድረክ ላይ ሳያይ ሊቀር ይችላል። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅርም፣ በ1948 የተከፈተው ብሔራዊ ቴአትርም፣ ራስ ቴአትርም ያሉት አዲስ አበባ ነው። ከሐዋሳ ከ270 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ልጆቹ የሚያውቁት የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማና ቲክቶክ ነው።

ስለዚህ ለኦዲሽን ሲዘጋጁ ያዩትን ይደግማሉ። ሴቶቹ ያለቅሳሉ። ወንዶቹ አፄ ቴዎድሮስን ይሆናሉ። በዚህ አልፈርድባቸውም፤ እኔም በ17 ዓመቴ ቴዎድሮስን ሆኜ ጮኼያለሁ። ግን አንድ ፈታኝ በአንድ ቀን ስንት ቴዎድሮስ እንደሚሰማ አስቡት። ሁሉም መቅደላ ላይ ቆመዋል፤ ሁሉም ድምፃቸው ይሰነጠቃል። አሥራ ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ቢሆን ይሻለዋል። ትምህርት ቤት የከለከለውን አባት የሚለማመጥ፣ የተበደረውን ስልክ የጣለ፣ ለጓደኛው የዋሸ። የሚያውቀውን ሰው ይዞ ቢመጣ ፈታኙም ቀና ብሎ ያየዋል።

መነባንብ ራሱ ያሳስታል። ቃሉ «ማነብነብ» ከሚለው ጋር ይቀራረባል፤ ልጆቹም እንደዚያ ይወስዱታል። መነባንብ ትልቅ ባህላችን ነው፤ ሬዲዮ ላይ ስንሰማው ያደግን ሁሉ እንወደዋለን። ኦዲሽን ላይ ግን የሚፈለገው ለአንድ ሰው መናገር ነው። እናትየዋ ለማን ነው የምትናገረው? ልጁ ካለ የት ቆሟል? ምን እንዲያደርግላት ትፈልጋለች? ተማሪዬ ቡናውን ስትይዝ እነዚህን ሁሉ ሳልነግራት መለሰቻቸው።

ጠብቆ እና ላልቶ

አሁን የምጽፈውን ነገር የቋንቋ መምህር ስለሆንኩ አብዝቼበት ይሆናል። ግን የሐዋሳን ልጅ ከምንም በላይ የሚጥለው ይህ ነው።

ፈታኞች አንዳንዴ ልጁ አይቶት የማያውቀውን ጽሑፍ ሰጥተው «አንብበው» ይላሉ። ፊደላችን ብዙ ነገር ይጽፋል፤ ማጥበቅና ማላላትን ግን አይጽፍም። «ገና» ጠብቆ ሲነበብ በዓሉ ነው፤ ላልቶ ሲነበብ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው። «አለ» ላልቶ ተናገረ ነው፤ ጠብቆ ደግሞ መኖር ነው። «ዋና» ላልቶ ሐይቁ ውስጥ ነው፤ ጠብቆ የነገሩ አለቃ ነው። «ይበላል» ላልቶ ሲነበብ የነበረው በላተኛ ሲጠብቅ ተበዪ ይሆናል። «ልጁ አለ» የምትል ሁለት ቃል ያላት መስመር ተሰጥታህ ላልተህ ካነበብካት ተመልካቹ ልጁ ምን እንዳለ ለመስማት ይጠብቃል። ልጁ ግን ምንም አላለም፤ እዚያ መኖሩ ነው የተነገረው። በአንድ ፊደል ትዕይንቱ ይፈርሳል።

ሐዋሳ የብዙ ቋንቋ ከተማ ናት። እኔ ክፍል ውስጥ ሲዳምኛ፣ ወላይትኛ፣ ኦሮምኛ፣ ጉራጊኛ፣ ሀዲይኛ ቤታቸው የሚናገሩ ልጆች አሉ። አማርኛቸው ጎበዝ ነው፤ የተማሩት ግን መንገድ ላይም ክፍል ውስጥም ነው። ጥብቀት ሲዳምኛም ውስጥ አለ፤ ስለዚህ ጆሯቸው ልዩነቱን ይሰማል። የሚቸግራቸው የትኛው የአማርኛ ቃል የት ጋ እንደሚጠብቅ በቃል አለመያዛቸው ነው። ይህ በልምምድ ይስተካከላል። ጽሑፉን ሲይዙ የሚጠብቀው ፊደል ላይ በእርሳስ ነጥብ እንዲያደርጉ አስተምራቸዋለሁ። ሁለት ሳምንት ይበቃዋል።

ሌላው ግን በልምምድ መስተካከል የሌለበት ነገር ነው። የንግግር ዜማ። የሲዳምኛ ቃል በአናባቢ ነው የሚያልቀው። ስለዚህ በዚያ ቋንቋ ያደገ ልጅ አማርኛ ሲናገር የአረፍተ ነገሩ መጨረሻ ለስለስ ይላል። እኔ ይህን ዜማ እወደዋለሁ። አንዳንድ ፈታኝ ግን «ዘዬ አለበት» ብሎ ነጥብ ይቀንሳል። ስህተት ያለው እዚህ ላይ ነው። ቃሉን ማሳሳት ሌላ፤ ከየት እንደመጣህ በድምፅህ መሰማቱ ሌላ። አዲስ አበባም ዘዬ አላት፤ ስለለመድነው ነው የማንሰማው። መድረክ ላይ የሚቆሙት ሰዎች ሁሉ አራት ኪሎ የተወለዱ ከመሰሉ ቴአትሩ የማን አገር ነው?

የኔ ሐሳብ ቀላል ነው። አመልካቹ ሁለት ነገር ያቅርብ። አንዱ በአማርኛ፣ ሁለተኛው ቤቱ በሚናገረው ቋንቋ። ፈታኙ ሁለተኛውን ቃል በቃል ባይረዳው ምንም አይደለም። እንደውም ይሻላል። ቃሉ ሲጠፋበት ሰውነቱን፣ ትንፋሹን፣ ዓይኑን ለማየት ይገደዳል። ልጁም በራሱ ቋንቋ ሲቆም ትከሻው ይወርዳል። ይህን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

መዝፈን፣ መጨፈርና መተወን አንድ ላይ

በአሜሪካ ሙዚካል ቴአትር ራሱን የቻለ ዲግሪ ነው። አመልካቹ ይዘፍናል፣ ይተውናል፣ ይጨፍራል። መጀመሪያ ቪዲዮ ይልካል። ቪዲዮው ካለፈ በአካል ይጠራል። ብዙ ትምህርት ቤቶች በጥርና በየካቲት ወር አካባቢ ኒውዮርክ፣ ቺካጎና ሎስ አንጀለስ ላይ በጋራ ይፈትናሉ። ልጁ ከዘፈኑ የሚያቀርበው ብዙ ጊዜ አሥራ ስድስት ወይም ሠላሳ ሁለት ባር (የዜማ ምት መለኪያ) ብቻ ነው፤ ከአንድ ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። መነባንቡም አንድ ደቂቃ ገደማ ነው። ከዚያ ሁሉም በአንድ አዳራሽ ይሰበሰቡና አንድ አሠልጣኝ የዳንስ እንቅስቃሴ ያሳያቸዋል። እዚያው ተምረው እዚያው ያሳያሉ። የሚመረጠው ጥቂት ነው። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1904 የተመሠረተው ራዳ የሚባለው የድራማ ትምህርት ቤት ለትወና ዲግሪው በዓመት የሚቀበለው 28 ተማሪ ነው። አመልካቹ በሺህ ይቆጠራል።

ይህን የማነሳው እዚያ ሁሉ መልካም ነው ለማለት አይደለም። የማመልከቻው ክፍያ፣ ጉዞው፣ ሆቴሉ ለነሱም ከባድ ነው። ገንዘብ ያለው ቤተሰብ አሠልጣኝ ይቀጥራል፤ የሌለው ልጅ ብቻውን ይገባል። ግን ከነሱ ሁለት ነገር መውሰድ እንችላለን። አንደኛው የቪዲዮ የመጀመሪያ ዙር ነው። ሁለተኛው ብዙ ትምህርት ቤቶች አንድ ከተማ ላይ ተሰብስበው ልጆቹን ማየታቸው ነው።

ሙዚካል ቴአትር የሚለው ስም አዲስ ቢመስልም ነገሩ ለኛ እንግዳ አይደለም። መድረካችን ሲጀመር ጀምሮ ይዘፍናል። ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ከቤተ ክህነት ዜማና ቅኔ ተምረው የመጡ ሰው ነበሩ፤ ተውኔታቸው ውስጥም መዝሙርና ግጥም አለ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ትምህርት ቤት ዛሬ በስማቸው ይጠራል። የሀገር ፍቅር መድረክም ለረጅም ዘመን ሙዚቃና ድራማን አንድ ምሽት ላይ ነው ያቀረበው። እዚህ ሐዋሳም የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላ ሲከበር ወደ በዓሉ ሜዳ ጉዱማሌ ሄዶ ቄጣላውን፣ የሕዝቡን የጋራ ጭፈራ፣ ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል። ግጥሙ፣ ዜማውና እርምጃው አይነጣጠሉም። በዓሉ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የተመዘገበው በከንቱ አይደለም።

ትምህርቱ ግን ተነጣጥሏል። ሙዚቃ አንድ ቦታ፣ ትወና ሌላ ቦታ፣ ውዝዋዜ ደግሞ በባህል ቡድኖች ዘንድ። ሦስቱንም የሚችል ልጅ አንዱን መርጦ ሁለቱን ይጥላል። በክበቤ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ልጅ አለ። ትዝታንም ባቲንም ሳይስት ያዜማል፤ እስክስታውም ያምራል፤ ሲተውን ደግሞ ያስቃል። «የቱን ልሙላ ቲቸር?» ሲለኝ እስካሁን ጥሩ መልስ አላገኘሁለትም። ለጊዜው የነገርኩት መዝሙሩንም ዘፈኑንም ቃሉን እንደ ንግግር መጀመሪያ እንዲያወራው ነው። ቃሉን ለማን እንደሚለው ካወቀ በኋላ ዜማውን ይጨምርበት። እንዲህ የዘፈነው ትዝታ ከበፊቱ ጋር አይገናኝም።

«እንጀራ ይሆናል ወይ?»

ከወላጅ ጋር የማወራው ከተማሪ ጋር ከማወራው አይተናነስም። ባለፈው ወር የአንዷ አባት ከሥራ ሰዓት ላይ ፈቃድ ጠይቀው መጡ። «መምህር፣ ልጄን አበረታተዋታል፤ እግዜር ይስጥልን። ግን ይሄ ነገር እንጀራ ይሆናል ወይ?» አሉኝ። በቁጣ አልነበረም የጠየቁት። በጭንቀት ነበር።

«አባባ፣ ቴአትር ቤት ብቻ እንዳያስቡ» አልኳቸው። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ሲያቀርብ ድምፅ ማስመሰል ራሱን የቻለ ሥራ ሆኗል። ሬዲዮ አለ፤ ማስታወቂያ አለ፤ ተከታታይ ድራማ አለ። ከሁሉ በላይ ደግሞ አዲሱ የአንደኛ ደረጃ ሥርዓተ ትምህርት የክወናና ዕይታ ጥበባት የሚባል ትምህርት አስገብቷል። ይህን የሚያስተምር ሰው ያስፈልጋል። ብዙ ቦታ ላይ ሌላ ትምህርት የሚያስተምር መምህር ነው ደርቦ የያዘው። ቴአትር የተማረ ሰው እዚያ ክፍል ውስጥ ቢገባ ልጆቹ ምን ያህል እንደሚያተርፉ አውቃለሁ። እሳቸው ሰሙኝ። አመኑኝ ለማለት አልደፍርም። ግን ልጅቷን አልከለከሏትም።

ዝምድናስ?

የተግባር ፈተና ይቅደም ስል ወዲያው የሚመጣ ጥያቄ አለ። እውነተኛ ጥያቄ ነው። «ቁጥር ቢያንስ ዘመድ አይለይም። ፈታኝ ፊት ስትቆም ግን ማን ያውቅሃል?» ይላሉ። ይህን ፍርሃት አላጣጥለውም። በቃለ መጠይቅ የተበደለ ሰው ሁላችንም እናውቃለን። ስም ሲጠራ ብቻ ብሔሩ የሚገመትበት አገር ውስጥ ነን።

ግን መፍትሔ የለውም ማለት አይደለም። አመልካቹ በስሙ ሳይሆን በቁጥር ይጠራ። ፈታኞቹ ሦስት ይሁኑ፤ አንዱ ቢያንስ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ወይም ከቴአትር ቤት ይምጣ። ሦስቱ ሳይነጋገሩ ለየብቻ ነጥብ ይስጡ። ሁሉም በቪዲዮ ይቀረጽ፤ ቅሬታ ያለው እንዲታይለት። ብሔራዊ ፈተናውም አይቅር፤ የመግቢያ ነጥብ እንዳለ ይሁን። ካለፉት መካከል ማን ቴአትር ይግባ የሚለውን ግን መድረኩ ይወስን። ይህም የትምህርት ክፍል ምርጫ ፎርም ከመሞላቱ በፊት ይሁን። ከተመደበ በኋላ መፈተን ልጁን ማሳቀቅ ብቻ ነው።

በሩ ደግሞ ተከፍቷል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ አመልካቾችን በራሱ የመግቢያ ፈተና መቀበል ጀምሯል። የራሱን ፈተና ማውጣት የሚችል ተቋም ለትወና የትወና ፈተና ማውጣት አያቅተውም። ሌሎችም ራስ ገዝ ሲሆኑ እንዲሁ።

ሐዋሳ ድረስ መምጣት ስንት ያስወጣል? ሦስት ሰው፣ አንድ መኪና፣ ሁለት ሌሊት። አዳራሽ እኛ እናገኛለን። ከዚያ በፊት ልጆቹ በቴሌግራም የሦስት ደቂቃ ቪዲዮ ይላኩ። ፈታኞቹ አዲስ አበባ ተቀምጠው ይዩ። መቶ ልጅ ልኮ ሠላሳውን በአካል ለማየት ቢመጡ አንድ ቀን ይበቃቸዋል። ዲላም፣ ሶዶም፣ ሻሸመኔም ያለ ልጅ ሐዋሳ መድረስ አያቅተውም። ለአዲስ አበባ ትራንስፖርትና ማደሪያ የሌለው ልጅ ግን ዛሬ ሳይፈተን ነው የሚወድቀው።

እስከዚያው እኛ እየተለማመድን ነው። ቪዲዮ ለሚቀርጹ ልጆች የምነግራቸው ነገር ብዙ አይደለም። ስልኩን አጋድሙት፤ ወንበር ላይ አስደግፉት፤ ሰው አታስይዙ። ፊታችሁን ወደ መስኮት አድርጉ። ፍቅር ሐይቅ ዳር ያምራል ብላችሁ እዚያ እንዳትቀርጹ፤ ነፋሱ ድምፃችሁን ይበላዋል። ስማችሁንና የምታቀርቡትን በተረጋጋ ድምፅ ተናገሩ፤ ትንሽ ቆዩ፤ ከዚያ ጀምሩ። ካሜራውን አትዩት፤ የምታናግሩትን ሰው ከካሜራው ትንሽ ወደ ጎን አስቀምጡት። በአካል ስትቀርቡ መሀል ላይ «ይበቃል» ቢሏችሁ እንዳትደነግጡ፤ ወደቃችሁ ማለት አይደለም። «እንደገና፣ ግን እየሳቅሽ» ቢሏችሁ ደግሞ ደስ ይበላችሁ። ፈታኝ ያልፈለገውን ሰው ድገም አይልም።

ያቺ ተማሪዬ የእናትየዋን መነባንብ ባለፈው ቅዳሜ ሁለት ጊዜ ቀረጸችው። የመጀመሪያው በአማርኛ ነው። ሁለተኛውን ራሷ ወደ ሲዳምኛ መልሳው ነው የመጣችው፤ እኔ አልነገርኳትም። ደብተሯን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ጣቷ መልቀም ጀመረ። ቋንቋውን በቅጡ አልሰማም፤ ጣቷ የት ላይ እንደቆመ ግን አየሁ። እራቱ ጋ አልነበረም። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ የልጁን ስም ስትጠራ ነው። በአማርኛው ስሙ አልነበረም። «ለምን ጨመርሽው?» ስላት «በሲዳምኛ ስሙን ሳልጠራው መናገር አልቻልኩም» አለች። አማርኛውም ላይ እንድትጨምረው ተስማምተናል። የፊታችን ቅዳሜ እንደገና እንቀርጸዋለን፤ የሲዳምኛውንም ጭምር፤ መሀሉ ላይ የባጃጅ ጡሩምባ ገብቶበታል።